በእህል ሚዛን የመዘንናት አውሮፕላን

አውሮፕላን የሚመዘነው በር ተዘግቶ ነው። ነፋስ ክንፉን ትንሽ ካነሳው ሚዛን ይዋሻል። ሐይቅ ከተማ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከውሃው በኩል ነፋስ አያጣትም። ስለዚህ ለአንበጣ አሰሳ የመጣችውን ባለሁለት ወንበር ትንሽ አውሮፕላን ክንፏን አጥፈን እህል መጋዘን አስገባናት፤ ከገባች በኋላ ዘረጋነው።

የተላክሁት አዲስ አበባ ከምሠራበት የጥገና ክፍል ነው። ማንም ሳይቆጣጠረኝ በራሴ ፊርማ አውሮፕላን ስመዝን የመጀመሪያዬ ነበር። አለቃዬ «አገርሽ ነው፣ ሰዉን ታውቂዋለሽ» ብሎ ነው የመረጠኝ። አልተሳሳተም። አምባሰል ተወልጄ፣ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኝ አንደኛ ክፍል እስክገባ ድረስ የሐይቅ ገበያን ከፊደል በፊት አውቀው ነበር።

አዲስ ሬዲዮና አንቴና ስለተገጠመላት ባዶ ክብደቷን እንደገና ማወቅ ነበረብን፤ ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ወዴት እንደሚያጋድልም። አህያ የጫነ ሰው ይህ አይጠፋውም። ጅራቷ የከበደ አውሮፕላን አፍንጫዋን ሽቅብ ትሰቅላለች፣ ፍጥነቷን ታጣለች፣ አብራሪው መሪውን ቢገፋም ላትመለስ ትችላለች።

ሚዛኖቹ የመጋዘኑ ናቸው፤ ሦስት ባለ ዘንግ የእህል ሚዛኖች። ጠዋት ሃያ ኪሎ ብረት እየጫንሁ ዘንጉን ራሴ እያየሁ አንድ በአንድ ስፈትሻቸው ልክ ነበሩ። ሁለቱን በፊት ጎማዎች ሥር፣ አንዱን በጅራት ጎማ ሥር አደረግን። ጅራቷ ከፍ እንድትል ሳጥን አስገባንላት፤ የሳጥኑንም ክብደት አስቀድሜ ከሚዛኑ አውጥቻለሁ። እኔ ውሃ ልክ ጎኗ ላይ ይዤ አለመዝመሟን ስጠብቅ፣ የመጋዘኑ መዛኝ ዘንጉን እያዩ ይነግሩኛል። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጤፍና ማሽላ ሲመዝኑ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ስንት ነው ጋሼ?»

«ቢስሚላህ። መቶ አርባ ስምንት ተኩል።»

ሌላኛውም ጎማ ያው ሆነ። ጅራቷ ዘንድ ሲደርሱ ሳቁ። «ሃያ ሦስት። ይቺማ የአንድ ጠቦት ናት።»

ደመርሁት፤ ሦስት መቶ ሃያ። የቀድሞው ወረቀት ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ይላል። አዲሱ ዕቃ አምስት ኪሎ ነው። ሦስት ኪሎ ጎደለ።

«ሦስት ኪሎማ የእኔ ምሳ ነው» አለ አብራሪው። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፣ ነገ ጠዋት ለመነሳት ቸኩሏል። «ፈርሚልኝና እንሂድ እህቴ።»

«ምሳህን ጅራቷ ላይ አትበላውም።»

ሁለተኛ መዘንን። ሦስተኛም መዘንን። ልውጥ አላለም። አለቃዬ ጋ ደወልሁ። የክብደቷ ማረፊያ፣ ሚዛኗ እኩል የሚቆምበት ነጥብ፣ ከፊት ጎማዎቹ ወደ ኋላ ሃያ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ሩብ ሲቀረው ነበር፤ የሚፈቀደው እስከ ሃያ ዘጠኝ ነው። «ታዲያ ገደቡ ውስጥ አይደለች? ፈርሚ እንጂ!» አለኝ። አምስት ኪሎ ዕቃ ተጨምሮባት እንዴት ሁለት ብቻ ትጨምራለች ብዬ ስጠይቀው፣ «የድሮው ወረቀት ተሳስቶ ይሆናል» አለ። ሊሆን ይችላል። ግን «ሊሆን ይችላል» ላይ አይፈረምም።

«አብሽሪ ልጄ፣ ቁጥር መሽቶበት አያድርም፣ ይገኛል» አሉኝ መዛኙ።

አብራሪው በዚህ መሐል ተሰላችቶ ዘሎ አንዱ ሚዛን ላይ ወጣ። በየዓመቱ ለሕክምና ስለሚመዘን ኪሎውን ያውቃል፤ ሰባ አራት ነው። «እስቲ እኔን ይመዝኑኝ አባባ፣ ከስቼ እንደሆን።»

መዛኙ ጎንበስ ብለው አዩ። «ሰባ ሦስት።»

«ይኸው! ከእሷ ጋር ስጨቃጨቅ አንድ ኪሎ ሄደልኝ።»

ውሃ ልኩን አስቀምጬ ሄድሁና ዘንጉን በዓይኔ አየሁ። ሰባ አራት ላይ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ሰባ አራት ነው እኮ የሚለው።»

«አዎን፣ ሰባ አራት ነው።»

«ሰባ ሦስት አሉን እኮ።»

«የጆንያው አንድ ኪሎ አይቀነስም እንዴ?» አሉ። ከአፋቸው ሲወጣ ራሳቸው ሰሙት፤ አብራሪውን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩትና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ወላሂ፣ እኔ አይደለሁም፣ ምላሴ ነው!»

«እኔ ጆንያ መሰልሁዎ አባባ?» አለ አብራሪው።

እኔ አልሳቅሁም። በሐይቅ ገበያ መዛኝ የሚጠራው የእህሉን ነው፤ የጆንያውን ቀንሶ። በልጅነቴ ማሽላ ይዤ ስሰለፍ የሰማሁትም እንዲሁ ነው። አብራሪው ውሃ ልኩን ያዘልኝና ሦስቱንም ራሴ አነበብሁ፤ መቶ አርባ ዘጠኝ ተኩል፣ መቶ አርባ ዘጠኝ ተኩል፣ ሃያ አራት። ሦስት መቶ ሃያ ሦስት። የጎደለው ተገኘ። ነገር ግን ከፊት ጎማዎቹ አራት ሜትር ርቃ ያለችው የጅራቷ አንድ ኪሎ ስትገባ፣ ማረፊያው ሃያ ዘጠኝን አልፎ ሰባት ሚሊ ሜትር ወጣ።

ስሌቱን ለአብራሪው አሳየሁት። ደጋግሞ አየው። ከዚያ መፍቻ አመጣ። አራት ኪሎ የምትመዝነውን ባትሪ ከወንበሩ ጀርባ ነቅለን አንድ ሜትር ወደ ፊት፣ ሞተሩ አጠገብ አሰርናት። እንደገና መዘንን። ሃያ ስምንት ተኩል ሆነ።

መዛኙ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ልጁን ልገድለው ነበር» አሉኝ።

«እርስዎ አይደሉም ጋሼ። ስንት ነው አልሁዎ እንጂ ዘንጉ ምን ይላል አላልሁዎም። የተጠየቁትን ነው የመለሱ።»

ቅጹ መጨረሻ ላይ የማስታወሻ ቦታ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዘናዎች እንደማይሠሩ፣ ምክንያቱም ለአንባቢው ምን እንደሚያነብ ሳልነግር መጀመሬ መሆኑን ጻፍሁ። በስልክ ሳነበው አለቃዬ ደነገጠ። «ማን ጠየቀሽ? አውጪው!»

«የሆነው ነው።»

አላወጣሁትም። ወረቀቱን ለአብራሪው ሰጠሁት፤ ቆሞ አነበበው።

«ጥፋትሽ ሥር ነው እኮ የፈረምሽው» አለኝ።

«የፊርማው ቦታ እዚያ ነው» አልሁት።

አጥፎ በአውሮፕላኗ በር ኪስ ውስጥ ከተተውና ክንፏን ለማጠፍ ሰው ሊጠራ ወጣ።