ዳኛዋ እኛ ቤት ምሳ የበሉ ዕለት

ባለፈው ሰኞ ከኮዬ ፈጬ ወደ ሥራ ስሄድ አውቶቡሱ ውስጥ የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ቆሟል። አጠገቤ ያሉ አንዲት ሴትዮ ክረምት መግባቱን አይተው ነው መሰለኝ ከሳጥን ያወጡት ጥቁር ካፖርት ለብሰዋል። ሽታውን እየሳብኩ የምወርድበትን ፌርማታ አለፍኩት። ትዝ ያሉኝ እትዬ ስመኝ ናቸው።

እትዬ ስመኝ አቃቂ በሰቃ፣ ከእኛ ቤት አጥር ማዶ፣ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አባታቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ የእናቴም አባት እንደዚያው። እሳቸውና እናቴ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተማሩ እኩዮች ናቸው። እናቴ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ አገባች። እትዬ ስመኝ ግን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሕግ ተማሩ፤ በእኛ አካባቢ ፍርድ ቤት ችሎት ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴትም እሳቸው ሆኑ። ሰፈሩ በሙሉ «ዳኛዋ» ነበር የሚላቸው። ያለ «እትዬ» በስማቸው የምትጠራቸው እናቴ ብቻ ነበረች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጥቁሩን የዳኝነት ካባ ከሳጥን አውጥተው ናፍታሊኑ እንዲለቀው ገመድ ላይ ይሰቅሉታል። ሽታው አጥሩን አልፎ እኛ ግቢ ይገባል። ከሰዓት በኋላ የከሰል ካውያቸውን በረንዳ ላይ ያራግቡና ካባውን ቀስ ብለው ይተኩሱታል። የፋብሪካው ሳይረን ሲጮህ፣ ሠራተኛው ሲወጣ፣ ጋሪው በበራቸው ሲያልፍ ቀና ብለው ያያሉ። ሰላም የሚላቸው አልነበረም።

እንዲህ የሆኑት ደግሞ በማር ምክንያት ነው። ድሮ እንደ ማንኛውም ጎረቤት የበዓል ሳህን ይልኩ፣ ይላክላቸውም ነበር። አንድ ጊዜ ለገና እትዬ አስካለ የምትባል ጎረቤታችን «ከገጠር ዘመድ የመጣልኝ ነው፣ ቅመሺው» ብላ አንድ እንስራ ማር ወሰደችላቸው። በሳምንቱ ችሎት ላይ የቦታ ክርክር የነበረበት አንድ ባለጉዳይ እያያቸው ፈገግ፣ ፈገግ ይላል። ነገሩን ሲያጣሩ ለካ ማሩ የሱ ኖሯል! ጉዳዩን ለሌላ ዳኛ አስተላለፉ፤ ማሩንም በጋሪ አስጭነው ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እትዬ አስካለ በር ላይ አራገፉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከማንም ቤት ውሃ እንኳ አልቀመሱም። ነገ ማን ከሳሽ፣ ማን ተከሳሽ ሆኖ ፊታቸው እንደሚቆም በምን ያውቃሉ?

እናቴ ለፋሲካ ሳህን ሸፍና ላከችላቸው። ተመለሰ። ለመስቀል ደግማ ላከች። አሁንም ተመለሰ።

«እኔን! አብሬያት ያደግኩትን! ጉቦኛ አደረገችኝ እኮ!» እያለች ስትብሰለሰል ሰነበተች። እልኸኛ ናት እናቴ፤ ከዚያ በኋላ በአጥሩ በኩል ቀና ብላም አላየች። ሰዉም «ንቀት ነው» አለና መጥራቱን ተወ። ክርስትና ሲሆን ሠርግ ሲሆን እትዬ ስመኝ ደጃፍ ድረስ መጥተው «እንኳን ደስ ያላችሁ» ይሉና ሳይቀመጡ ይመለሳሉ። ግቡ የሚላቸውም አልነበረም።

አንድ የእንቁጣጣሽ ዕለት በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። በረንዳቸው ላይ ዳቦ በሻይ ይበላሉ፤ ፔርሙዛቸው አጠገባቸው ቆሟል። እኛ ቤት እንግዳው ሞልቶ ሳቁ ጣራ ነክቷል። እጃቸውን ሰደድ አድርገው ሬዲዮኑን ዝቅ አደረጉት። የእኛን ጫጫታ እያዳመጡ እንደነበር ገባኝ። አንጀቴን በሉት፤ እናቴን ጥሪያቸው ልላት አስቤ ቁጣዋን ፈርቼ ተውኩት።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ባሏ የሞተባት ሴት ከነልጆቿ ከፋብሪካ ሠራተኞች መኖሪያ እንድትለቅ ተከሰሰች። ቤቱ የተሰጠው ለባልየው ነበርና ሕጉ ለሴትየዋ ምንም አልነበረውም። እትዬ ስመኝ ፈረዱባት። በወሩ ዳኝነቱን ለቀቁ፤ ለፓርላማ በግላቸው ሊወዳደሩ ነው ተባለ። ከእኛ ሰፈር ለእንዲህ ያለ ነገር የተነሳች ሴት ከሳቸው በፊት አልነበረችም። «ሌሎች የጻፉትን ሕግ ማንበብ ሰለቸኝ» ማለታቸው በየቤቱ ተወራ።

የዚያን ዓመት ፋሲካ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው የጎረቤቱን በር ያንኳኩ ጀመር። ዳኛ አይደሉማ! ከእንግዲህ ከማን ቢበሉ፣ ማን ምን ይላቸዋል? ሰዉ ግን ምርጫው መቃረቡን ነው ያየው። እትዬ አስካለ በሯን ገርበብ አድርጋ «አሁን ገና ጎረቤት መሆናችን ታየሽ?» አለቻቸው። ሌሎቹም ከዚያ የተሻለ አልተቀበሏቸውም። ዳቦውን እንደታቀፉ እኛ ቤት ደረሱ።

ምሳ ቀርቦ ነበር። እናቴ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«ድምፅ ፍለጋ ከሆነ አልሰጥሽም፣ ስመኝ» አለች።

«አትስጪኝ» አሉ እትዬ ስመኝ። «ምሳ ብቻ ስጪኝ።»

እናቴ ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ ወደ እኛ ዞራ፣ «ምን ትገተራላችሁ? ጠጋ በሉላት!» ብላ ጮኸች። ጠጋ አልን። እትዬ ስመኝ እጃቸውን ታጥበው ቀረቡ። እናቴ አጎረሰቻቸው፤ «በሞቴ» ብላ ደገመቻቸው። እያላመጡ አለቀሱ። እናቴም አለቀሰች። እኛ ልጆቹ መብላታችንን ትተን እናያቸው ጀመር።

የምርጫው ቀን እናቴ ነጠላዋን ለብሳ በጠዋት ሄደች። ስትመለስ አባቴ ሬዲዮ እየሰማ፣ «ለጓደኛሽ ሰጠሽ አይደል?» አላት።

«አልሰጠሁም።»

«ምነው? ከሷ የተሻለ ሰው ተገኘ እንዴ?»

«የትም አይገኝ! ግን አልሰጥሽም ብዬ ነው ምሳ ያበላኋት። አሁን ብሰጣት ሰዉ ያለው ልክ ሆነ ማለት ነው፤ ለድምፅ መጣች፣ አገኘች። ምሳዋን አላረክስባትም።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «ጉድ እኮ ነው!» አለ።

እትዬ ስመኝ ተሸነፉ። ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት አመሻሽ ላይ እኛ ቤት መጥተው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። እናቴ እንዳልመረጠቻቸው ምንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው፤ ምክንያቷንም ነገረቻቸው። ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። እኔ ተነስተው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ» አሉ በመጨረሻ፣ «በገዛ ሕጌ ፈረድሽብኝ!» ሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ አልቆም ብሏቸው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያም ራት በሉ።

ወደ ዳኝነቱ አልመለሷቸውም፤ የፖለቲካ ሰው ተብለው ቀሩ። አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ጠባብ ክፍል ተከራይተው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። ሁለተኛ አልተወዳደሩም። የሠራተኞቹ ቤት ነገር ሲነሳ ፊታቸው ይጠቁርና ወሬ ይቀይራሉ። ሰፈሩም ከዚያች የፋሲካ ዕለት የተሻለ አልቀረባቸውም። ያለ እኛ ቤት መግቢያ አልነበራቸውም።

የሞቱት እኔ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው፤ ኩላሊታቸው ነበር። ቀብራቸው ላይ ጥቁር ሱፍ የለበሱ የከተማ ሰዎች መጥተው «ፈር ቀዳጅ» እያሉ ተናገሩ። የእድሩ ዳኛ ሰው የሚያጽናናው ማንን እንደሆነ ግራ ገብቷቸው፣ «ቤተሰብ የታለ?» ብለው ጠየቁ። እናቴ ከሰዉ መሀል ወጣች።

«እኔ ነኝ። እህቷ ነኝ» አለች። ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ተቀምጣ ለቀስተኛውን የተቀበለች እሷ ነበረች። እትዬ አስካለም መጥታ «እግዜር ያጥናሽ» አለቻት።

እናቴ አሁን እኔ ጋ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ፊት ለፊታችን ማን እንደሚኖር እስካሁን አናውቅም፤ ቁልፉ ሲዞር ብቻ እንሰማለን። እኔ ሥራ ስውል ቀኑን ሙሉ የምታናግረው ሰው የላትም። ሰኞ ማታ የአውቶቡሱን የናፍታሊን ሽታ ስነግራት ፊቷ በራ፤ ስለ እሳቸው ስናወራ አመሸን። እኔም ለዓመታት በልቤ ይዤው የኖርኩትን ጠየቅኳት።

«እማ፣ ምርጫው ዛሬ ቢሆን ትመርጫቸዋለሽ?»

«አልመርጣትም» አለች፣ ሳታመነታ። «ዛሬማ ጭራሽ! እህቴ አይደለች እንዴ?»