ሳልምል የመለስኩት ፖስታ

ይህን ለሚስቴም፣ ለሼኩም ተናግሬ አላውቅም። የምታነቡት አታውቁኝም፤ ለዚህ ነው ለእናንተ መናገር የቀለለኝ። ቡራዩ ውስጥ ቆርቆሮ እሸጣለሁ።

ታናሽ እህቴ ሀያት ለሁለተኛ ዲግሪ ፍልስፍና ትማር ነበር። ትንተናዊ የሚሉትን፤ እኔ እንደገባኝ ቃልን እንደ ምስር እየለቀሙ ጠጠሩን መፈለግ ነው። ከታክሲ ወርዳ ሱቄ ትገባና ቆርቆሮው ላይ ተቀምጣ ትነዘንዘኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ከቆርቆሮው እስር መሀል የዛገ ቢኖር ለገዢው ትነግረዋለህ?»

«ካልጠየቀኝ ምን አፌን ያስከፍተኛል?»

«ከጠየቀህስ?»

«ሻይ አዝለታለሁ።»

ሳቀች። ከዚያች መልሴ ተነስታ «ዝምታ ውሸት ነው ወይ?» የሚል ጽሑፍ ጻፈች። ጽሑፏ ውጭ አገር ለሚደረግ ዓለም አቀፍ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የፍልስፍና ጉባኤ ተመረጠላት። ኤምባሲው ደግሞ ዋናውን የግብዣ ደብዳቤ ካላየሁ ቪዛ የለም አለ። ቤታችን ቁጥር ስለሌለው፣ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ አድራሻ ብላ የሰጠችው የእኔን ሱቅና ስልክ ነበር።

ደብዳቤ አድራሹ በሞተር መጣ።

«ኦቦ፣ ሀያት የምትባል እዚህ ነው የምትኖረው?»

እዚህ ማለት ሱቁ ነው፤ አይደል? «እዚህ የሚኖረው ቆርቆሮ ብቻ ነው» አልኩት። ግራ ተጋብቶ ፖስታውን ይዞ ተመለሰ። ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ነው።

ለምን አደረግኩት? እናታችን ከአልጋ አትነሳም ነበር። የምታገላብጣት፣ የምታጥባት ሀያት ነበረች። ከሄደች አትመለስም ብዬ ፈራሁ። ለእናቴ ብዬ ነው እላለሁ ለራሴ። ለእናቴ? እኔ የሸሸሁት የእናቴን አልጋ ማንጠፍ ነው።

«ጋሼ፣ ደብዳቤ አልመጣም?» አለችኝ በሳምንቱ።

«ቢመጣ ምን ሊያደርግልኝ እደብቅሻለሁ?»

ገዢ ሁሉ «ወላሂ በል» ሳይለኝ ከእኔ አንድ ምስማር አይገዛም። እኔም በሐሰት ምዬ አላውቅም፤ ይህ ኩራቴ ነበር። ሀያት ማል አላለችኝም። ብትለኝ እናገር ነበር። አላለችኝም፤ ወንድሟ ነኛ።

ኋላ የጉባኤው ሰዎች ደብዳቤሽ አድራሻው ስላልተገኘ ተመልሷል አሏት። ዳግም እስኪላክ ጉባኤው አለፈ። ቁጥር የሌለውን ሰፈራችንን ስታማርር እኔም አብሬ አማረርኩ። አያችሁ ድፍረቴን?

እናታችን በሀያት እጅ ላይ አረፈች። ሀያት አሁን ሰበታ ታስተምራለች። ባለፈው ያንን ጽሑፍ ይዛ መጣች፤ ዕቃ ስታስተካክል አግኝታው። መጨረሻው ላይ ያለውን ምስጋና በአማርኛ አነበበችልኝ። «ጥያቄውን የሰጠኝ ቆርቆሮ ነጋዴው ወንድሜ ነው። ዝገቱን ባይናገርም ውሸት አይናገርም።»

አንብባ ቀና ስትል ሻይ አዘዝኩላት።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም፤ ፖስታው የእናንተ አልነበረም። የምጠይቃት እሷን ነው፤ እሷን ደግሞ ዛሬም አልጠየቅኳትም። ደክሞኛል። ግን ማንም ማል ሳይለኝ እምላለሁ፦ ፖስታውን የመለስኩት እኔ ነኝ። ወላሂ።