ብስክሌቱን የሚይዝ ሰው

ብቻውን የሚኖር ሰው የማይለምደው ነገር የለም። ጀርባውን በበር መቃን ያካል፤ ትኩሳት ሲይዘው የገዛ ግንባሩን በገዛ እጁ ዳብሶ «ደህና ነህ» ይላል፤ ቀልድ ሲመጣለትም ለራሱ ነግሮ ለራሱ ይስቃል። አንድ ነገር ግን በጭራሽ አይሆንለትም፤ የእግሩን ርዝመት ከብሽሽቱ እስከ መሬት በትክክል መለካት። የሚጠራጠር ካለ በሩን ዘግቶ ይሞክረው። በያጁ ሞክሮታል።

በያጁ በር፣ መስኮትና የአጥር ብረት በሚሠራ ወርክሾፕ ውስጥ የዕድሜውን እኩሌታ የጨረሰ ሰው ነው። የሥራ ባልደረቦቹ «ጭምቱ» ይሉታል። ጭምት ሆኖ ግን አልተወለደም። እናቱ ለብዙ ዓመት የአልጋ ቁራኛ ስለነበሩ፣ ከሥራ ወደ ቤት ከቤት ወደ ሥራ ሲመላለስ ከሰው ጋር የሚጫወትበት ጊዜ አጣ እንጂ። እኩዮቹ ሲያገቡ እሱ ሾርባ ያማስል ነበር፤ እነሱ ልጅ ሲያሳድጉ እሱ አንሶላ ያጥብ ነበር። ይህን እንደ በደል ቆጥሮት አያውቅም። እናቱን ይወዳቸው ነበር፤ እሳቸውም ከአልጋ ሳይነሡ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ የሚያውቁ፣ ሳቅ የማያልቅባቸው ሴት ነበሩ። አምና አረፉ። የለቀስተኛው ወንበር ተመልሶ ሲያበቃ ሁለት ክፍል ቤትና አንድ ሰው ቀሩ።

ከቀኑ ሁሉ የሚከብደው ቅዳሜ ጧት ነው። የሥራ ቀን ሰውን ጎትቶ ይወስዳል፤ እሑድም በእንቅልፍም በምኑም ብሎ ይገፋል። ቅዳሜ ግን ወርክሾፑ ይዘጋል፤ ቅዳሜ እናቱን የሚያጥብበት ቀን ነበር። ከሞቱም በኋላ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ውሃ ይጥዳል። ውሃው ሲንፈቀፈቅ ለማን እንደጣደው ግራ ይገባውና ሳህን ያጥብበታል። አንድ ቅዳሜ ይህም አስጠላው። ምድጃውን አጥፍቶ ወጣና እግሩ ወደ መራው ሄደ፤ ከስታዲየሙ ጀርባ ካለው የብስክሌት መሽከርከሪያ ሜዳ ደረሰ።

ሜዳው ዙሪያውን እንደ ጎድጓዳ ሳህን ጠርዙ ከፍ ያለ የሲሚንቶ ዙር ነው። ብስክሌተኞቹ አንዱ የሌላውን ጎማ ሊነካ እስኪቃረብ ተጠጋግተው ይበራሉ። በያጁን የሳበው ፍጥነታቸው አልነበረም። ዙሩን ጨርሰው ሲወርዱ በአንድ ጠርሙስ ይጠጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ላብ አይጠየፍም። አጥሩን ይዞ ሲያያቸው ዋለ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣ፤ ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜም።

«አንተ ሰውዬ፣ አጥሩን ልትገዛው ነው እንዴ?» አሉት አሠልጣኙ። ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው፣ ፊሽካ ከአንገታቸው የማይጠፋ ሽማግሌ ናቸው።

«ብየዳውን እያየሁ ነው» አለ በያጁ፣ አፉ ላይ የመጣለትን።

«እህስ፣ እንዴት ነው?»

«የበየደው ሰው የቸኮለ ነው።»

አሠልጣኙ ከት ብለው ሳቁ። ሰው በእሱ ንግግር ከሳቀ ስንት ጊዜ ሆነው! በያጁ ደነገጠና ድፍረቱ ሳይበርድ «እኔም መግባት እችላለሁ?» ብሎ ጠየቀ።

«ብስክሌት ካለህ ማን ይከለክልሃል? ግን እወቅ፤ የዚህ ሜዳ ብስክሌት ፍሬን የለውም። ፔዳሉም አይቆምም፤ ጎማው እስከ ዞረ ድረስ እግርህ ይዞራል። በልክህ ካልሆነ ትወድቃለህ፣ ከኋላህ ያለውንም ትጥላለህ። ስለዚህ በልኩ ያልሠራ በዚህ በር አይገባም፤ የሥጋ ወንድሜም ቢሆን አይገባም። ደግሞ ውድ ነገር እንዳትገዛ። አሮጌ ቴላዮ፣ የብስክሌቱን ባዶ አጽም፣ ፈልግ። የኋላው ጎማ የሚታሰርበት አፍ አግድም የተከፈተ ይሁን፤ ካቴናውን የምትወጥረው ጎማውን ወደ ኋላ ስበህ ነው። ልክህን ስትወስድ ጫማህን አውልቅ፣ ግድግዳ ተደገፍ፣ መጽሐፍ በእግሮችህ መሃል አድርገህ እስኪቆረቁርህ ወደ ላይ ሳበው። ሰው ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርግልህ። ከመሬት እስከ ምልክቱ ያለውን ለካና ከሦስት እጅ ሁለቱን ውሰድ፤ የቴላዮህ ቁመት እሱ ነው።»

በያጁ ሁሉንም ቃል በቃል ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ጫማውን አውልቆ ግድግዳ ከተደገፈ በኋላ ነው «ሰው ምልክት ያድርግልህ» የምትለዋ የታወቀችው።

ማን? የወርክሾፑን ሰዎች አሰበ። ለአንዱ ቢነግረው እስከ ጡረታው ድረስ መቀለጃ ሆኖ መቅረቱ ነው። ፊት ለፊት የምትኖረውን መምህርት አሰበ። ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። በሯን አንኳኩቶ «እትዬ፣ እኔ ይህን በእግሬ መሃል ስይዝ እርስዎ እርሳሱን ይያዙልኝ» ሲላት ታየውና ማንም በሌለበት ቤት ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሌላ የሚያስበው ሰው ፈለገ፤ አጣ። የሚያውቀው ሰው ሁሉ በአንድ እጅ ጣት ተቆጥሮ አለቀ።

ለነገሩ ምን ያደርጉለታል? እሱ ባለሙያ አይደል! ስንቱን በር ቀጥ አድርጎ ያቆመ ሰው የገዛ እግሩን መለካት ያቅተዋል? መጽሐፉን ትቶ ውሃ ልኩን አወጣ፤ አረፋዋ መሃል ላይ ከቆመች ልኩ አይዋሽም። ውሃ ልኩን በእግሮቹ መሃል ይዞ ወደ ላይ ሳበው። አረፋዋ ግን የት አለች? ከሆዱ በታች። ለማየት ሲያጎነብስ ውሃ ልኩ ይንሸራተታል፤ ቀና ሲል አረፋዋ ትጠፋለች። አጎነበሰ፣ ቀና አለ፣ አጎነበሰ። በመጨረሻ እጁን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ምልክቱን አደረገ። እጁ ሲጠመዘዝ የውሃ ልኩን የኋላ ጫፍ አብሮ ወደ ላይ እንዳነሣው አላወቀም። ከዓይን ሁሉ ጀርባ የተደረገ ምልክት ነውና ሐሰቱን የሚመሰክርበት አልተገኘም።

ልኩን ይዞ ወደ አሮጌ ብረት ነጋዴው ሄደ። አፋቸው አግድም የተከፈተ ሁለት ቴላዮዎች ነበሩ፤ አንዱ ጥቁር ትልቅ፣ አንዱ ቀለሙ የለቀቀ ትንሽ።

«ወንድሜ፣ ትንሹን ውሰድ» አለው ነጋዴው። «ትልቁ ላንተ አይሆንም፤ ሳይህ አውቃለሁ።»

«ዓይን ይሳሳታል፤ እኔ በሜትር ለክቻለሁ» አለና ትልቁን ተሸክሞ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይሉ ነበር። ከሥራ በኋላ ወርክሾፑ ውስጥ ይቀራል። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አወረደ፤ ከአንድ የተጣለ ብስክሌት ቸርኬ፣ ከሌላው መሪ ወሰደ። ተራ ብስክሌት ላይ እግር ሲያርፍ የኋላው ጥርስ ቀጭ ቀጭ እያለ ለብቻው ይዞራል፤ ይህን ጥርስ ከጎማው እምብርት ጋር በየደውና ነፃነቱን ነሣው። አሁን እግር ከቆመ ጎማ ይቆማል፤ ጎማ ከዞረ እግር ይዞራል። ካቴናውን ወጥሮ በጣቱ ሲነካው ትንሽ ብቻ እጥፍ አለ። ፍሬኑን ፈትቶ ለሚፈልግ ሰጠ።

«ጭምቱ፣ ሚስት ፈልግ ብንለው ብረት አገባ!» አሉ ባልደረቦቹ።

«ብረት አትጨቀጭቅም» አላቸው። ሳቁ። ቀልዱ ከአፉ ሲወጣ እሱን ራሱን ቆረጠመው፤ የሚጨቀጭቀው ሰው ቢያገኝ ምንኛ በወደደ!

ሲጨርስ በላዩ ቆሞ ለካ። የላይኛው ቱቦ ብሽሽቱን ሊነካው ጥቂት ቀረው፤ ልክ ነው አለ። እግሩ ላይ ያለው ሶሉ ወፍራም የብየዳ ጫማ መሆኑን ዓይኑ እያየ ልቡ አላየም። ማለዳ በባዶ መንገድ ሲሞክረው ፔዳሉ ታች ሲደርስ ዳሌው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ከጉልበቱም ኋላ አንድ ነገር ይሳባል። ኮርቻውን ዝቅ ሊያደርገው ሞከረ፤ ቴላዮው ራሱ ረጅም ስለሆነ ከዚያ በታች አልወርድ አለው። «እግሬ ስላልለመደ ነው» ብሎ ጥፋቱን ለእግሩ ሰጠው። አጠገቡ አንድ ሰው ቢኖር «አንተ ሰው፣ ምን እንዲህ ያወዛውዝሃል?» ይለው ነበር። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለው ለጠብ ብቻ አይደለም።

ቅዳሜ ደረሰ። በያጁ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ለሜዳ ብሎ በገዛው ስስ ጫማ፣ ብስክሌቱን እየገፋ በበሩ ገባ። ብስክሌተኞቹ ከበቡት። አሠልጣኙ ብየዳውን በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው «ይህኛው አልቸኮለም» አሉ። በያጁ ጆሮው ድረስ ሞቀው።

«በል ውጣበት» አሉትና ኮርቻውን ከኋላ ያዙለት። «ፔዳሉን ቀስ ብለህ ወደ ኋላ አዙር።» አዞረ። ዳሌው ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ አዩ። «ማን ለካህ?»

«እኔው።»

«ብቻህን?»

«ውሃ ልክ ነበረኝ።»

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። አሠልጣኙም ሳቁ፤ ክፋት የለባቸውም። «አይ አንተ! ቤት ውስጥ እርሳስ የምትይዝልህ አንዲት ነፍስ አጣህ?»

በያጁ ቀልድ ፈለገ። ሌላ ጊዜ ለራሱ ሲሆን የሚመጣለት ቀልድ ጠፋ። «የለኝም» አለ። «እናቴ ነበሩ፤ አረፉ። አሁን ማንም የለኝም።»

ይህን ቃል ከአፉ አውጥቶ አያውቅም ነበር። በለቅሶው ሰሞን ሌሎች ብለውለታል፤ እሱ ራሱን ነቅንቆ አልፎታል። አሁን በገዛ ድምፁ ሲሰማው እውነት መሆኑ ገባው። ሳቁ ከአንዱ ወደ አንዱ እየጠፋ ሄደ።

«ጫማህን አውልቅ» አሉት አሠልጣኙ።

ከሜዳው መጋዘን ግድግዳ ጋር አቆሙት። ከብስክሌተኞቹ አንዷ፣ ፀጉር ሠሪ ናት፣ ጠንካራ ልባስ ያለው መጽሐፍ ሰጠችው፤ እሱ ሲስበው እሷ ዝቅ ብላ መጋደል አለመጋደሉን አየች። «ወደ ግራ ትንሽ፤ እሺ፣ በቃ፣ እንዳትነቃነቅ» አለችው። አሠልጣኙ አንድ እጃቸውን ትከሻው ላይ ጭነው በሌላው በጠመኔ አሠመሩ። «ትከሻህን ልቀቀው እንጂ፤ ማን ይዞህ ይሄዳል?» አሉት። ከአምና ወዲህ ትከሻውን የነካ እጅ አልነበረምና መልቀቅ አቃተው።

ምልክቱ እሱ ከለካው በአራት ጣት ያነሰ ሆነ።

«ይህ ቴላዮ ያንተ አይደለም» አሉ አሠልጣኙ። «ጎማውም መሪውም ወደ ትንሽ ቴላዮ ይዛወርልሃል፤ ድካምህ ሁሉ መና አልቀረም። ዛሬ ግን አትገባም።»

በያጁ «እሺ» አለ። ያሰበው እኮ ብዙ አልነበረም፤ አንድ ቅዳሜ ከሰዎች ጋር ላብ ማላብ ነበር። የሚያሳፍር ነገር ሳያደርግ መሄድ አለበት። ጫማውን አድርጎ፣ ትልቁን ብስክሌት አዙሮ ወደ በሩ ገፋ። ወደዚያ ቤት ቅዳሜ በጧት ሊመለስ ነው።

«ወዴት ነው?» አሉት አሠልጣኙ ከኋላው። «አትጋልብም አልኩህ እንጂ ሂድ አልኩህ? እዚህ ሲነሡ ጫማቸው ፔዳሉ ላይ ታስሮ ነው፤ ብስክሌቱ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። ፊሽካ እስክነፋ የሚይዛቸው ሰው ያስፈልገኛል። ብስክሌትህን አስደግፍና ና።»

መጀመሪያ ፀጉር ሠሪዋን ያዘ። አንድ እጁ ኮርቻው ሥር፣ አንድ እጁ ወገቧ አጠገብ። «ጋሼ ፊሽካውን እስኪነፉ እንዳትለቀኝ፤ ደግሞ እንዳትገፋኝ፣ ያዘኝ ብቻ» አለችና እግሮቿን አንድ በአንድ አስራ ሙሉ ክብደቷን ጣለችበት። በያጁ ክንዱ ላይ የመጣውን ክብደት አወቀው። ዓመታት ሙሉ በየጧቱ ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር ያነሣ ክንድ ነው፤ ከአምና ጀምሮ ያነሣው ብረት ብቻ ነበር። ሰው ሲከብድ እንደ ብረት አይከብድም። ይሞቃል፤ ይተነፍሳል፤ ያምናል።

ፊሽካው ተነፋ። ለቀቃት፤ ሄደች። እጆቹ ለጥቂት ጊዜ አየር ላይ እንደ ተዘረጉ ቀሩ።

ቀጣዩ አንድ ግዙፍ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ፣ ለመደገፍ እያመነታ፣ በትከሻው ዞሮ አየው።

«እኔ ከባድ ነኝ፤ እንዳልጥልህ» አለው።

«ግድ የለም» አለ በያጁ። «ተደገፍ።»