ሸክላ ሠሪዎች ሰፈር የገባን ጊዜ

ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ የወደቀችው ገብስ በምናበራይበት ቀን ነው። አምስት ዓመቷ ነበር። አባቷ በሬዎቹን አውድማው ላይ ያዞራል፣ እኔ ከዳር ሆኜ የተበተነውን እሰበስባለሁ፣ እሷ ገለባው ላይ ተቀምጣ ለራሷ ታወራለች። ወሬዋ ድንገት ቆመ። ዞር ስል ዓይኖቿ ወደ ላይ ተገልብጠዋል፤ ሰውነቷ እንደ እንጨት ደርቋል፤ ወዲያው እጅና እግሯ ይንፈራገጥ ጀመር። አባቷ በሬዎቹን ጥሎ ሮጠ። ምን እንደምናደርግ አናውቅም ነበር። አቅፈናት ዝም ብለን አለቀስን።

የምንኖረው የድጓ ምስክር ከሆነችው ከቤተ ልሔም ደብር አጠገብ ነበር። እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ ባለቤቴ ገበሬ ነው። የእሱ አባት ድጓ የሚያስተምሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ምራቶቻቸውም ሁላችን «የኔታ» እንላቸው ነበር። የኔታ የልጅ ልጃቸውን ሱባዔ ይዘው ጠበል አስጠመቋት። ለጥቂት ወራት ተሻላት። ከዚያ ተመለሰባት። በስድስት ዓመቷ ምድጃ ላይ ወድቃ የግራ እጇ ሁለት ጣቶች ተቃጥለው ተጣበቁ።

አርብ ገበያ ከተማ ይዣት ስወርድ ያያት የጤና ባለሙያ ክኒን ሰጠኝና፣ አንድም ቀን መቋረጥ እንደሌለበት ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ። መድኃኒቱ ሠራላት። ችግሩ መንገዱ ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ ገደሉ በጭቃ ይንሸራተታል። ሁለት ክረምት መድኃኒቱ አልቆባት ሳላደርስላት ቀረሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ክፉኛ ወደቀች። በሦስተኛው ዓመት ጤና ጣቢያ በእግር ወደሚደረስበት ከተማ እንዲያዛውሩኝ አመለከትኩ። መካነ ኢየሱስ ደረሰኝ።

የኔታ ዜናውን ሲሰሙ አስጠሩኝ። ከግቢያቸው ዋርካ ሥር ተቀምጠው ነበር።

«እዚህ ስትወድቅ ሁሉም ያውቃታል፤ የሚያነሣት አታጣም። እዚያ ማን ያውቃታል?» አሉኝ።

«መድኃኒቱ ቅርብ ይሆንላታል፣ የኔታ።»

«መድኃኒቱንስ ስጫት፤ መች ከለከልሁሽ። እኔ የጠየቅሁሽ ስለ ሰዎቹ ነው።»

 እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

ባለቤቴ አዝመራውን እስኪያስገባ ከቤት መነሣት ስለማይችል፣ ልጄን ይዤ በደብረ ታቦር በኩል ዞሬ መካነ ኢየሱስ ገባሁ። በአዲሱ ትምህርት ቤቴ የምታስተምር አንዲት ደግ ሴት ጥቂት ቀን ቤቷ አስጠጋችኝና ከሥራ በኋላ ቤት ታሳየኝ ጀመር። ወዲያው የወደድኩት መናኸሪያው አጠገብ የነበረውን ነው። ቆርቆሮው አዲስ፣ ወለሉ ሊሾ፣ መብራት የገባለት፣ ቧንቧው ግቢ ውስጥ። ጤና ጣቢያው ሩቅ አይደለም። ሌላ ምን እፈልጋለሁ ብዬ አሰብኩ።

አከራይዋ ጽዱና ቆፍጣና ሴት ነበረች። «ስንት ልጅ አለሽ?» አለችኝ።

«አንዲት ሴት።»

«አታስቸግርም?»

«ኧረ አታስቸግርም» አልኩ። ባልደረባዬ ቀና ብላ አየችኝ፤ ነገሩን ታውቅ ነበርና። ሆኖም አላጋለጠችኝም።

ልጄን ትምህርት ቤት አላስመዘገብኳትም። «ትንሽ ትላመድ» እያልኩ ለራሴ ሰበብ እሰጥ ነበር። እውነቱ ፈርቼ ነው። ጠዋት ክኒኗን አስውጬ ቁርሷን አስቀምጬላት፣ በሩን ከውጭ ቆልፌ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። በዕረፍት ሰዓት እየሮጥኩ መጥቼ አያታለሁ።  ሌሎች ሰዎች በልጄ ላይ ያደረጉትን ሁሉ እናገራለሁ፤ በር የቆለፍኩባት ግን እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ቁልፉን ስይዝ ልብሴን ያዘችኝ።

«እማ፣ ምን አጥፍቼ ነው?»

«ምንም አላጠፋሽም። ውጭ መኪና ስላለ ነው።»

«ሌሎቹ ልጆች ግን ውጭ ናቸው።»

የዚያን ቀን በሩን ሳልቆልፍ ሄድኩ። ግቢው መሐል፣ ሴቶቹ ልብስ የሚያጥቡበት ሰዓት ላይ ወደቀች። ስመጣ ድንጋዩ ላይ ብቻዋን ተጋድማ አገኘኋት፤ ግንባሯ ተፈንክቷል፤ አረፋው አፏ ላይ ደርቋል። ሰዎቹ በየበራቸው ቆመው አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነዋል፤ ልጆቻቸውን ወደ ውስጥ አስገብተዋል። ትንፋሿ የሚጋባ መስሏቸው ነው። እኔም በልጅነቴ እንዲያ ስለተነገረኝ ልፈርድባቸው አልቻልኩም። ግን አንድ ሰው ራሷን ከድንጋዩ ላይ ቀና ቢያደርግላት ምን ነበረበት!

በማግስቱ አከራይዋ መጣች። አልጮኸችም። «ደብቀሽኛል» አለች። «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ግን ተከራዮቼ ሊወጡ ነው። ቤት ፈልጊ።»

ያልኩትን ስለማልክድ ይቅርታ ጠየቅኋት።

ከዚያ በኋላ እንዳልዋሽ ወሰንኩ። ልጄን ይዤ በየቤቱ እየዞርኩ፣ ስለ ክፍሉ ሳልጠይቅ በፊት «ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት» እል ነበር። አንዱ ቤት በዚያው ቅጽበት ሞላ። ሌላው ጅረቱ አፋፍ ላይ ስለነበር እኔው ራሴ ተውኩት። አንድ ሽማግሌ ግን ወንበር ሰጥተው አስቀመጡንና በትሕትና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ለጋብቻ የደረሱ ሴት ልጆች አሉኝ። ሰው ከእኛ ዘር ትመስለዋለች። አትቀየሚኝ።» እስከ በር ሸኙን። በዚያ ሳምንት ከሰማሁት ሁሉ የእሳቸው ንግግር የበለጠ አመመኝ፤ የተናገሩት በክፋት አልነበረምና።

ከእሳቸው ቤት ወጥተን ተስፋ ቆርጬ በከተማው ጠርዝ በታችኛው መንገድ ስንመለስ ልጄ እጄን ለቀቀችና ወደቀች። ያለነው ሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነበር። የከተማው ሰው ድስቱንና እንስራውን ከእነሱ ይገዛል፤ ግን ቤታቸው አይገባም፣ ልጁን አይድርላቸውም፣ «ዓይናቸው ሰው ይበላል» ይላቸዋል። እኔም ቡዳ እየተባሉ ስሰማ ነው ያደግሁት።

ጭቃ ከምታቦካበት አንዲት ጎልማሳ ሴት ተነሥታ መጣች። እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። ልጄን በጎኗ አስተኛቻት፤ ነጠላዋን አጣጥፋ ከራሷ ሥር አስገባችላት። «አይያዟት፣ እመቤቴ» አለችኝ፣ ልጄን ጨብጬ እንደያዝኩ አይታ። «ይለቃታል። ዝም ብለው አጠገቧ ይቀመጡ።» ሌላዋ ሴት መጥታ ፀሐዩን በጀርባዋ ጋረደችላት። የቀሩት ሥራቸውን ቀጠሉ። ማንም አልሸሸም፤ ማንም አልከበበንም።

ልጄ ስትነቃ ሴትዮዋ በጣሳ ውኃ አመጣችላት። እጄ ጣሳውን ሊመልስ ተነሣ። አዎ፣ ተነሣ። ሴትዮዋ እጄን አየች፤ ፊቷ አልተለወጠም፤ የለመደችው ነገር ነው። እጄን መልሼ አወረድኩ። ልጄ ጠጣች።

«እንዴት አወቅሽ?» አልኳት።

«ወንድሜ እንዲህ ነበር። ሰው ሁሉ ሲሸሸው ብቻውን ይዞር ነበር። ብቻውን ሳለ ጥሎት ወንዝ ወሰደው።»

ስለ ቤት የጠየቅኋት እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ ነው። ከቤቷ ጎን ልጇ ስታገባ ባዶ የቀረ አንድ ክፍል ነበራት። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ መብራት የሌለው። ውኃ ከሩቅ ይቀዳል። ግን ዙሪያውን ሳይ አንድ ነገር ገባኝ፤ እዚህ ሰፈር ሴቶቹ ሥራቸው ደጃቸው ላይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከደጅ አይጠፉም። ልጄ በየትኛውም ሰዓት ብትወድቅ የሚያያት ዓይን አለ። ያን ዓይን ነበር ሰው ሁሉ የሚፈራው።

ሴትዮዋ «መምህርት ነዎት፤ ሰው ምን ይልዎታል?» አለችኝ።

«እርስዎ ይፍቀዱልኝ እንጂ የሰውን ነገር ለእኔ ይተዉት» አልኳት። «እርስዎ» ስላት ደነገጠች።

ባለቤቴ አዝመራውን አስገብቶ ሲመጣ ሰፈሩን አይቶ ዕቃውን ከአህያው ሳያወርድ ቆመ። «ሌላ ጠፍቶ ነው?» አለ። «የኔታ ምን ይሉናል?» ተጨቃጨቅን። በማግስቱ እኔ ሥራ ሄድኩ፣ እሱ ኩርፊያውን ይዞ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ስመለስ ጣሪያው ላይ ወጥቶ የሚያፈሰውን ይደፍናል፤ ልጃችን ከሸክላ ሠሪዎቹ ሴቶች ልጆች ጋር ከጭቃ ላም ትሠራለች። 

የኔታ ከፋሲካ በፊት መጡ። የቤቲቱ ባለቤት በርጩማ አቀረበችላቸው፤ ተቀመጡ። ውኃ ስታቀርብላቸው «ጾም ነኝ» አሉ። እውነት ነው፣ ጾም ነበር። ዘጠኝ ሰዓት አልፎም ግን ምንም አልቀመሱም። የልጅ ልጃቸውን ባረኩና ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከሚያውቋቸው መምህር ዘንድ ሄደው አደሩ። ሴትዮዋ ጣሳውን ይዛ ስትገባ አየኋት። 

እንስራና ድስት የሚተኮስበት ቀን ልጄን ከእሳቱ የሚያርቅ ሰው ሁልጊዜ ይመደብ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን አንድ ቀን ነፋስ ተነሥቶ ኩበቱና ገለባው ሲበተን ሁሉም ወደዚያ ሮጠ። ልጄ ልታግዝ ተጠግታ ነበር። በዚያች ቅጽበት ጣላት። ሴትዮዋ በልጄና በእሳቱ መሐል ገባች፤ በቀኝ ክንዷ ፍሙን መታ ልጄን በግራዋ ጎተተቻት። እኔ ከትምህርት ቤት ተጠርቼ ስደርስ ልጄ ምንም አልሆነችም። የሴትዮዋ ክንድ ግን ከአንጓ እስከ ክርን ተልጧል። ጤና ጣቢያ ስወስዳት መንገዱን ሙሉ የጠየቀችኝ ስለ ልጄ ነበር።

ከሁለት ወር በላይ ቀኝ እጇ ሥራ አልሠራም። ስለዚህ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ልብሴን ቀይሬ፣ የተወቀጠውን ገል ከአፈሩ ጋር እየለወስኩ ጭቃ አቦካላት ጀመር። እሷ በግራ እጇ ትሠራለች፣ ልጇ ከደብረ ታቦር መጥታ ታግዛታለች። ተማሪዎቼ በመንገዱ ሲያልፉ ቆመው ያዩኛል። ወሬው ትምህርት ቤት ደረሰ። አንድ መምህር ሻይ ሳፈላ የእኔን ኩባያ ለይቶ አስቀመጠ። ያን ጊዜ ያቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ምን ተሸክማ እንደኖረች በጥቂቱ ተረዳሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷም «እመቤቴ» ማለቷን ትታ «አንቺ» አለችኝ።

የኔታ የቃጠሎውን ነገር ከልጃቸው ሰምተው፣ በዚያ ዕድሜያቸው መጡ። በቀጥታ ወደ ሴትዮዋ ቤት ገቡ። የታሰረውን ክንድ አይተው ጸሎት አደረሱላት። ሲጨርሱ ከመሄድ ይልቅ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።

«እህቴ፣ የምቀምሰው ነገር አለሽ? ከማለዳ ጀምሮ በባዶ ሆዴ ነኝ» አሏት።

የሽሮ ወጥ አቀረበች።  የኔታ ባርከው በሉ፤ ውኃም ጠጡ፤ እዚያው አደሩ። እስኪሞቱ ድረስ መካነ ኢየሱስ በመጡ ቁጥር የሚያርፉት በእሷ ቤት ነበር።

በዚያ ሰፈር ከአሥር ዓመት በላይ ኖርን። የልጄ መድኃኒት ሳይቋረጥ ቆየ፤ መውደቋ እየራቀ ሄደ፤ ፈጽሞ ግን አልተዋትም። ከሰፈሩ ልጆች ጋር ተምራ አሥረኛን ጨረሰች። ባለቤቴ ኩላሊቱን ታሞ ሐኪም ቤት መመላለስ ሲጀምር ወደ ደብረ ታቦር ለመዛወር ተገደድኩ። ልጄ ግን አልመጣም አለች።

«እናንተ ሂዱ፤ አባዬ ይታከም። እኔ እዚህ ሰው አለኝ» አለችኝ። ወደ ሴትዮዋ ቤት እያየች «እሷም ዓይኗ እየደከመ ነው» አለች።

ለመንኳት፤ አስፈራራኋት፤ አለቀስኩ። ሃያ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራትን ልጅ በር ቆልፌ ከእኔ ጋር ላቆያት አልችልም። ደብረ ታቦር የተከራየሁት ቤት ደህና ነው። ጎረቤቶቼን ግን እስካሁን በስማቸው አላውቃቸውም።

ያቺ ሴት የሞተችው እኛ ከወጣን በሦስተኛው ዓመት ነው። ልጄ በስልክ ነገረችኝ፤ ከዚያ ማልቀስ እንጂ መናገር አልቻለችም። ስደርስ ለቀብር ወጥተው ነበር። ከከተማው የመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ ከትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ያቺ መጀመሪያ ቤት ያሳየችኝ ብቻ ነበረች። ከቀብር መልስ ሐዘንተኞቹ መሐል ልጄ ጥቁር ለብሳ ከሟቿ ልጅ ጎን ተቀምጣለች። የሚመጣው ሰው ሁለቱንም እኩል «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላቸዋል።

ባለቤቴን ብቻውን ትቼ ስለመጣሁ በማግስቱ መመለስ ነበረብኝ። ልጄ እስከ ሰባተኛው ቀን ከሴቶቹ ጋር እንደምትቀመጥ፣ ከዚያም በኋላ ቤቱን እሷ እንደምትጠብቅ ነገረችኝ። ክኒኗን ስለመዋጧ ጠየቅኋት። «ውጫለሁ፣ እማ» አለች። ግንባሯን ስሜ ወጣሁ።