ተሳፋሪ የሠራት የውድድር መኪና

መንጃ ፈቃድ የለኝም፤ የውድድር መኪና ግን ሠርቻለሁ። ቂልነቴን ከአሁኑ ልናገር፤ ሃምሳን የተሻገረ ሰውዬ ሚዛን ከተማ፣ ቤቱ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጣቱን ከፕላስቲክ መኪና ኮፈን ጋር በሱፐር ግሉ አጣብቆ "ድረሱልኝ!" ይል ነበር። ሚስቴ በሞቀ ውሃና ሳሙና እያላቀቀችኝ፣ "እንኳን እውነተኛውን አልነዳህ" አለችኝ።

መንዳት እንቢ ብሎኛል። በተፈተንኩ ቁጥር ወደ ኋላ ስሄድ ለፈተና የተተከለውን እንጨት ገጭቼ እወድቃለሁ። የሚስቴ አባት ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ከቴፒ ቡና የጫኑ ሾፌር ናቸው። በሠርጋችን ቀን እንግዳ ፊት፣ "ልጄን ለተሳፋሪ ዳርኳት!" ብለው አሳቁብኝ። ቢሆንም ጭነው ወደ ጌጫ ከተማ ሲወጡ ጎናቸው የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ሥራዬ ሙዝ እየላጡ ማጉረስና ወሬ ማውራት ነው። በሁለቱም አልታማም።

አምና ዓይናቸው ደከመ። ልጆቻቸው፣ ሚስቴም ጭምር፣ የመኪናውን ቁልፍ ወሰዱባቸው። ከዚያ ወዲህ ቴፒ ደጃፋቸው ላይ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ይቀመጣሉ። ስንደውል "ደህና ነኝ" ብለው ይዘጋሉ። ሚስቴ ስልኩን እንደያዘች ታለቅሳለች። እኔ ቀልድ ሞከርኩ፣ አልሠራም።

አንድ ወሬ ግን ነበራቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ተራ የቤት መኪና ለውድድር አዘጋጅተው ነድተዋል። እሱን ሲያወሩ ፊታቸው ይበራ ነበር። ስለዚህ አዲስ አበባ ስሄድ የሚገጣጠም የፕላስቲክ መኪና ገዛሁ፤ የድሮ ሞዴል የቤት መኪና።

"ለልጅ ነው?" አለኝ ሻጩ።

"አዎ" አልኩ። ብዙም አልዋሸሁም።

ከዚያ የእሳቸውን ወሬ እያስታወስኩ ለወጥኳት። መከላከያዋን ቆረጥኩ፣ የፊት መብራቷን በፕላስተር ሸፈንኩ፣ ከሾፌሩ በቀር ያሉትን ወንበሮች ነቀልኩ፣ ብትገለበጥ እንዳትደረመስ ጣሪያዋን ከውስጥ በእስክሪብቶ ቀፎ ደገፍኩ። በሮቿን በእንሰት ቃጫ አሰርኩ። ቁጥሯን በሚስቴ የጥፍር ቀለም ጻፍኩ። ገላዋን የቀባሁበትን ቀለም በቤንዚን ስላቀጠንኩት ግን ጎኗ ተጨማደደ።

"ፈንጣጣ የያዛት ትመስላለች" አለች ሚስቴ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች።

በጫማ ካርቶን ይዣት ወደ ቴፒ ተሳፈርኩ።

"ጫጩት ከሆነ ክፈትለት፣ ይታፈናል" አለኝ የሚኒባሱ ረዳት። ከፍቼ አሳየሁት።

"ውይ ጋሼ! የራስህ መኪና እያለህ ከእኛ ጋር ትጋፋለህ?"

አማቴ ደጃፋቸው ላይ እንደተቀመጡ መኪናዋን ጭናቸው ላይ አድርገው በጣታቸው ዳሰሷት። እኔን የፈተናው እንጨት ፊት እንደቆምኩ ያህል ላብ አጠመቀኝ።

"መብራቱን ሸፍነኸዋል።"

"ከተሰበረ መስታወቱ ጎማ እንዳይበሳ። እርስዎ ነዎት የነገሩኝ።"

"በሩ የታሰረው በምንድን ነው?"

"በቃጫ፣ አባባ።"

"እኛ በሽቦ ነበር። ጎኗስ ምን ሆነች?"

"ቤንዚን ነካት።"

"በቆመችበት ገጨኻት በለኛ!"

ሳቄን ዋጥኩ፤ እሳቸው ገና አልሳቁም። ጣታቸውን በመስኮት አስገብተው ውስጡን ፈለጉ። የሾፌሩን ወንበር አገኙ። ጎኑን ዳሰሱ፤ ባዶ ነው። መልሰው ዳሰሱ።

"የዚህኛው ወንበር የት ሄደ?"

"ነቀልኩት፣ አባባ። ለውድድር ከሾፌሩ በቀር ሁሉም ይወልቃል ብለውኝ ነበር እኮ።"

የተቀመጡበትን ወንበር ወደ መንገዱ አዞሩና፣ "ታዲያ አንተ የት ልትቀመጥ ነው?" አሉኝ።