ሳጅን ገሠሠ ድንች እምቢ ያለ ዕለት

ሳጅን ገሠሠ የሚማረው ትምህርት ስሙ ረጅም ነው። «የወንጀል ፍትሕና ማኅበራዊ አገልግሎት የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የሳምንት መጨረሻ መርሐ ግብር» ብሎ መጥራት የጀመረ ሰው፣ ሚኒባሱ ከደባርቅ ተነሥቶ ዳባት መናኸሪያ ሲገባ እሱ ገና «ማኅበራዊ» ላይ ነው። የማረሚያ ቤት ጠባቂ በጎልማሳነቱ ደብተር ይዞ ዩኒቨርሲቲ መመላለሱ ለደባርቅ ሻይ ቤቶች ክረምት ከበጋ የማያልቅ ጨዋታ ሆነላቸው።

«ገሤ፣ ቁልፍ ለማዞርም ዲግሪ ይጠየቃል?»

«ለመቆለፍማ አይጠየቅም። ለመክፈት ነው» ይላል እሱ፣ ቦምቦሊኖውን እየጎረሰ።

መብላት ይወዳል። ሠርግ ተጠርቶ ሙሽራው ጦሙን አደረ ብለው የሚያወሩበት አሉ። ይህ ስም ማጥፋት ነው፤ ሙሽራው ድስት ጠርጎ በልቷል።

ለሥራው ግን የማይታማ ሰው ነው። በሰዓቱ ይገባል፣ እስረኛ ይቆጥራል፣ በር ይዘጋል። አንድ ቅዳሜ መምህርቱ ጽጌሬዳ፣ «እያንዳንዳችሁ አንድ ታራሚ ጠይቁ፤ ሲፈታ የት ነው የሚሄደው?» ብላ የተግባር ሥራ ሰጠች። ገሠሠ አንገቱን ደፋ። በዚያ ሁሉ ዘመን ስንቱን ሰው ከበር ሲያስወጣ፣ ይህችን ጥያቄ ለአንዱም አቅርቦ አያውቅም።

ሰኞ ድረስን ጠየቀው። ድረስ በእርሻ ወሰን ተጣልቶ የጎረቤቱን የአለነን ክንድ በዱላ ሰብሮ የታሰረ ወጣት ነው። የሚፈታበት ቀን ቀርቧል።

«የት ትሄዳለህ?»

«መተማ ይሻላል መሰለኝ። የቀን ሥራ አይጠፋም።»

«ቤትህስ?»

«ቤቴማ ከእማማ ማንጠግቦሽ ጋር አጥር ለአጥር ነው። የአለነ እናት ናቸው። እሳቸው ‹ግባ› ካላሉኝ በየት በኩል እገባለሁ፣ ሳጅን?» ድረስ ጫማውን አየ። «አባቴ እዚህ እያለሁ ነው የሞተ። መቃብሩን እንኳ አላየሁት።»

«እኔ እለምናቸዋለሁ» አለ ገሠሠ። ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱም ደነገጠ።

በዕረፍት ቀኑ የደንብ ልብሱን አውልቆ፣ ከዳባት በላይ ወዳለችው መንደር ወጣ። ትምህርቱ ይህን «የቤት ጉብኝት» ይለዋል። ከቤቱ ሰው ጋር ተግባቡ፣ የቀረበላችሁን አትግፉ ይላል። ገሠሠ ከኮርሱ ሁሉ ይህችን ምዕራፍ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣታል።

እማማ ማንጠግቦሽ ማን ነህ፣ ምን ፈልገህ ነው ሳይሉ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ፣ ከጎኑም የገብስ ጠላ አቀረቡለት። በላ። ጨመሩለት፤ በላ። የሰሜን ድንች አፍ ውስጥ ሲገባ ሰው የመጣበትን ይረሳል። በመጨረሻ አፉን ጠርጎ፣

«እማማ፣ የመጣሁት ስለ ድረስ ልለምንዎ ነው» አለ።

እጃቸው ማሰሮው ላይ ቀረ።

«በልተህ?»

ገሠሠ ባዶውን ሰፌድ አየ።

«ጠጥተህ? ጨምሩልኝ ብለህ? ኧረ አንተ ሰው! አስታራቂ እሺ ሳይባል እህል ይቀምሳል? የልጄ ክንድ ከድንቼ አነሰብህ?»

በዚያ አገር ለእርቅ የመጣ ሰው ቃል ሳይሰጠው ከቀመሰ፣ ልመናውን ትቶ እንግዳ ሆኗል ማለት ነው። ገሠሠም የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ያውቃል። ምዕራፉና ሆዱ ተመሳጥረው አስረሱት እንጂ።

«እንግዳ ሆነህ መጥተሃል፤ በደህና ግባ» ብለው ሸኙት።

ቁልቁለቱን ሲወርድ ድንቹ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበደው። ድረስን ላለማየት ተራ እስከ መለዋወጥ ደረሰ። ቅዳሜ ለጽጌሬዳ ሲነግራት አልሳቀችም።

«ምዕራፉ የአንተን መንደር አያውቃትም፣ አንተ ግን ታውቃታለህ» አለችው። «ተመለስ።»

ገሠሠ አብረውት እንዲለምኑ የጠየቃቸው የመንደሩ መሪጌታ፣ የኔታ ሚናስ፣ ነገሩን ሲሰሙ መቋሚያቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ፣ «አብሬህ እቆማለሁ። ግን ቆሎ እንኳ ብትቀምስ ትቼህ ነው የምሄድ» አሉት።

ከማንጠግቦሽ አጥር ውጭ ቆሙ። አሮጊቷ አይተዋቸው ተመልሰው ገቡ። ፀሐይ አናታቸውን ቀቀለው። ቀጥሎ በረዶ መጣ፤ የተኳረፈ ጭላዳ እንኳ ተቃቅፎ የሚያሳልፈው ዓይነት በረዶ።

«የኔታ፣ ይግቡ እንጂ! በሽታ ያገኝዎታል!»

«እሺ ካላልሽን አንገባም።»

ማንጠግቦሽ እንፋሎቱ የሚጨስ ድንች በሰፌድ ይዘው ወጡ። ከገሠሠ አፍንጫ ሥር አቆሙት።

«ብላ።»

«አልበላም፣ እማማ።»

«ሚጥሚጣ አለው።»

«አየሁት» አለ ገሠሠ። «ባለፈው በድያለሁ። የልጅዎን ክንድ አቅልዬው አይደለም፤ ሆዴ ቀደመኝ። ዛሬ ግን ልጁ የሚገባበት የለውም።»

አሮጊቷ ከፀጉሩ ላይ የሚንጠባጠበውን ውኃ አዩ።

«መተማ ይሄዳል አሉ?»

«እርስዎ ‹ግባ› ካላሉት ይሄዳል።»

«አባቱ ሲሞት ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ልጁ የለማ፣ ማን ያልቅስለት?» ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ያ ቤት ከተዘጋ እኔም ጎረቤት የለኝ። በቃ ይምጣ። አለነን ግን ራሱ ይለምነው፤ ክንዱ የእሱ ነው።»

ድረስ በተፈታ ዕለት ገሠሠ እስከ መንደሩ አብሮት ወጣ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ድረስ እንደ ደንቡ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ጎንበስ አለ። የመረጠው ድንጋይ ለቤተ ክርስቲያን መሠረት የሚበቃ ነበር። ገሠሠ አነስ ያለ ፈልግ ሊለው አስቦ ተወው።

አለነ ከቤት ወጣ። ክንዱ ተጣሞ ነው የዳነው።

«ማረኝ» አለ ድረስ መሬት መሬት እያየ።

«አባትህን ከወይራው ሥር ነው የቀበርነው» አለ አለነ። «አሳይሃለሁ።»

ድንጋዩን ሊያወርድለት እጁን ዘረጋ፤ ከጫንቃ የሚያወርደው የተበደለው ነውና። የተጣመመው ክንድ ግን አልቻለም። ድንጋዩ ሲንሸራተት ድረስ ከሥር ደገፈው። ሁለቱም ግንባር ለግንባር ሊገጥሙ ምንም ሳይቀራቸው ይዘውት ቆሙ፤ ማንኛቸውም መልቀቅ አልፈለገም።

«ቀስ!» ጮኹ እማማ ማንጠግቦሽ፣ ለቅሷቸውን እየዋጡ። «ጎመኔ ላይ እንዳትጥሉት!»