በሰም የተደፈነ ቀልሃ

ባሌ ለቅሶ ሲሄድ ዓይኑ ከመሬት አይነሳም። ሰው ሐዘን የሰበረው ይመስለዋል። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ ቀልሃ እየፈለገ ነው። እኛ አገር ስማዳ ሰው ሲሞት ይተኮስለታል፤ ተኩሱ ሲያበቃ ሌላው እንባውን ሲጠርግ የኔው ጉድ ጎንበስ ብሎ ባዶ ቀልሃ ይለቅማል። የክላሹን ንቆ ያልፈዋል። የሚፈልገው ምንሽር ከያዙት ጥቂት ሽማግሌዎች እግር ሥር የወደቀውን ነው። ሕዝብ የረገጠውን፣ በቅሎ የጨፈለቀችውን፣ አፉ የተጣመመውን ሁሉ ኪሱ ይከታል። ኧረ ተው፣ ሰው ምን ይለናል ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ!

ከአባቱ የወረሰው አሮጌ ምንሽር አለው። የሱ ጥይት ዛሬ ወገዳ ገበያ ሲዞሩ ቢውሉ አይገኝም። ስለዚህ የለቀመውን ቀልሃ እቤት አምጥቶ፣ የተጣመመውን አቃንቶ፣ ባሩድ ሞልቶ እንደገና ጥይት ያደርገዋል። ወይም አደረግሁ ይላል።

አማቴ ታመው አልጋ ከያዙ በኋላ ደግሞ ባሰበት። ከሱ በቀር ወንድ ልጅ የሌላቸው እናት ናቸው፤ እጁን ይዘው፣ “እኔ ስሞት የአባትህ ጠመንጃ ይጩህልኝ። የሌላ ሰው አልፈልግም” አሉት። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ እርሻውም ከብቱም ተረሳ።

የተጣመመውስ ይቃና፤ የተሰነጠቀውን ግን ምን እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ? በሰም ይደፍነዋል! ያውም በኔ ሰም፣ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ በምሠራበት! ቀልጦ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ፣ በአውራ ጣቱ አሸት ሲያደርገው፣ እውነትም ደህና ይመስላል።

“ባሩዱ እርጥበት እንዳይገባው ነው” ይለኛል።

“ሰም ውኃ ይከለክል ይሆናል። እሳት ይከለክላል ወይ? ጧፍ ሲበራ አይተህ አታውቅም?”

“አንቺ ደግሞ የጠመንጃ ነገር ምን ታውቂያለሽ!”

አላውቅም እሺ። ባለፈው ክረምት ግን ያንኑ በሰም የደፈነውን ሲሞክር ጥይቱ ወደ ኋላ ተነፈሰና እሳቱ ፊቱን ገረፈው። ቅንድቡ ነደደ። ዓይኑ ብርሃን እስኪለይ ድረስ እጁን ይዤ ደጅ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የጤና ጣቢያው ልጅ፣ “አሁንስ ተረፉ፤ ሁለተኛ ከደገሙት ግን ዓይንዎ የለም” አለው። አርፎ ይቀመጣል ብዬ ነበር። ኤዲያ!

ምን ይሻለኛል? እሱ ከቤት ሲወጣ ጠብቄ ሞልቶ ያልጨረሳቸውን ቀልሃዎች አንድ በአንድ አያለሁ። በጥፍሬ አፋቸውን ዙሪያውን እዳብሳለሁ፤ ጥፍሬን የያዘኝ ስንጥቅ ነው፣ የሟሸሸብኝ ሰም ነው። ሁለቱንም ሽንት ቤት ጉድጓድ! ሲመጣ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ይጮኻል። እኔም እጮኻለሁ። አማቴ ከአልጋቸው ሆነው፣ “ምንድን ነው የምትጨቃጨቁት?” ሲሉ፣ “ምንም አይደል” እንላለን ሁለታችንም ባንድ አፍ።

እኔስ እንዲተኮስላቸው አልወድም ነበር? አራስ ሆኜ ያረሱኝ፣ እናቴን ያስረሱኝ እሳቸው ናቸው። ግን አንድ ባል ነው ያለኝ፤ ዓይኑም ትርፍ የለውም።

ከመስቀል በኋላ አረፉ። የቀብራቸው ዕለት ባሌ ምንሽሩን አንግቶ ወጣ። እኔ ደህና ናቸው ብዬ ካሳለፍኳቸው ቀልሃዎች የተረፈው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን አጎረሰ። አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሲደርስ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅንቶ ቃታውን ሳበ። ቀጭ! ከሸፈ። እንደገና ሞከረ። ቀጭ። ሽማግሌዎቹ አቀረቀሩ። እኔ አፈርኩለት፤ አንጀቴን በላው።

የአጎቱ ልጅ ክላሹን አውልቆ፣ “እንካ ወንድሜ፣ በዚህ ሸኛት” አለው።

“አይሆንም። የአባትህ ጠመንጃ ይሁን ብላኛለች።” ይህን ብሎ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደና ሌላ ጥይት አወጣ። ለካ ደብቆኛል! በፀሐይ አፉ ላይ ያለው ሰም ሲያብለጨልጭ ካለሁበት አየሁት።

ከሴቶቹ መሀል እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ ብቻ እጁን ከነጥይቱ ጨምድጄ ይዤ ራሴን አገኘሁት።

“ልቀቂኝ! ሰው እያየ ነው!”

“ይይ! እሳቸውን ቀብሬ አንተን እየመራሁ ልመለስ?”

“ሳይተኮስላት የምትቀበር የማን እናት ናት?”

“የኔ ናት!” ብዬ ጮኽኩ። “እኔም እናቴን ነው የምቀብረው! አምጣ!”

ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቄ ወሰድኩበት። ቄሱ፣ “በሉ ልጆቼ፣ ጸሎቱ ይቀጥል” አሉ። አማቴ ያለ አንዲት ተኩስ አፈር ገቡ። እሱ ድምፁን አውጥቶ፣ እንደ ሕፃን፣ “እማዬ፣ አላደረግሁልሽም” እያለ አለቀሰ። እኔም ጥይቱን በነጠላዬ ቋጥሬ አጠገቡ ቆሜ አለቀስኩ።

አርባቸው ወጣ፤ እስካሁን አያናግረኝም። እህል ሳቀርብለት ዞር ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ፣ “ባሏን በአደባባይ ያዋረደች” እያለ ያማኛል። ይሁን። ትናንት ማታ እራት ሳቀርብለት ቀና ብሎ ክፉኛ ገላመጠኝ። በሁለቱም ዓይኑ።